ስምንቱም መብራት በርቶ ያልሠራ ኬብል፦ በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ የቆየ ግቢ ውስጥ ያለን፣ ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ነው። የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ሲሆኑ፣ የብራና መጻሕፍትን ዲጂታል ምስሎች እያወረዱ ማንበብና ማስታወሻ መያዝ የዕለት ተዕለት ሥራቸው ነው። የሥራ ክፍላቸው ከዋናው ቤት ጀርባ ባለው ሰርቪስ ውስጥ ይገኛል፤ ራውተሩ ግን የፋይበር መስመሩ በገባበት ሳሎን ተቀምጧል። በመካከል ያለው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ዋይፋዩን ስለሚያዳክመው፣ 30 ሜትር ገደማ የሚሆን የኔትወርክ ኬብል ከሳሎኑ ተነሥቶ፣ በኮርኒስ ውስጥ አልፎ፣ በግቢው ግድግዳ ጥግ ለጥግ እስከ ሰርቪሱ ድረስ ተዘርግቷል።

ችግሩ ባለቤቱ እንደነገሩኝ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ይገናኛል፣ አንዳንዴ አይገናኝም፤ በተገናኘም ጊዜ ቀላል ድረ ገጾች ይከፈታሉ እንጂ ትልልቅ ምስሎች ሲወርዱ መሃል ላይ ይቆማሉ። ነገሩ ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ሳሎን ውስጥ ያሉት ስልኮች ግን በዚያው ራውተር፣ በዚያው ሰዓት ያለ አንዳች ችግር ይሠራሉ። ከዚህ በመነሣት በቤቱም በጎረቤትም ዘንድ የተደረሰበት ድምዳሜ «ሊኑክስ ከዚህ ራውተር ጋር አይስማማም» የሚል ነበር።

ይህ ድምዳሜ ብዙ ከንቱ ሥራ አስከትሏል። ኡቡንቱ 22.04 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ተደምስሶ እንደገና ተጭኗል። የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው የዲኤንኤስ አገልግሎት አድራሻ ተቀይሯል። አንድ ዘመድ ከድሮ መመሪያ ላይ እየተመለከተ ኢዝ0 ለሚባል የኔትወርክ ካርድ (ኬብሉ ለሚሰካበት የኮምፒውተሩ ክፍል) ቋሚ አድራሻ ጽፎ ትቶ ነበር፤ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ግን እንዲህ የሚባል ካርድ የለም። ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በተለመደው አሰያየም መሠረት የሊኑክስ ሥርዓቶች የኔትወርክ ካርዶችን ስም የሚያወጡት ካርዱ በተሰካበት ቦታ ስለሆነ፣ የዚህ ካርድ ስም ኢኤንፒ3ኤስ0 ነው። ስለዚህ ያ ቅንብር ጉዳትም ጥቅምም አልነበረውም። ከሁሉ የከበደው ምክር ደግሞ ካርዱ የሪልቴክ ሥሪት ስለሆነ ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር የሚመጣው አር8169 የተባለው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ወጥቶ በአር8168 ይተካ የሚለው ነበር። ምክሩ መሠረት የለውም አልልም፤ አንዳንድ ካርዶች በዚህ መንገድ የተስተካከሉበት ጊዜ አለ። ሆኖም ጥፋቱ ድራይቨሩ ላይ መሆኑ ሳይረጋገጥ ድራይቨር መቀየር ማስረጃን ማጥፋት ነው፤ ከተቀየረ በኋላ የተሻለውም የባሰውም በምን ምክንያት እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ባለቤቱን ይህኛው እርምጃ እንዲቆይ ለመንኳቸው።

ምርመራውን የጀመርኩት ከታች፣ ማለትም ከሽቦው ነው። የዚህ ዓይነት ችግር ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ኢንተርኔት አለ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «ካርዱ ከወዲያኛው ጫፍ ያለውን መሣሪያ ያየዋል ወይ?» የሚለው ነው። ሊኑክስ ይህን በግልጽ ይናገራል። አይፒ ሊንክ የሚለውን ትእዛዝ ስንሰጠው ኬብሉ ሲግናል ከሌለው «ኖ ካሪየር» ብሎ ይጽፋል፤ ሲግናል ካለው ደግሞ «ሎወር አፕ» ይላል። እዚህ ላይ የታየው ሁለቱም ነበር፤ ትእዛዙን ደጋግሞ ለሚሰጥ ሰው መልሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለዋወጣል። የአድራሻ ጥያቄም በዚሁ መካከል ይሰናከል ነበር፤ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ኔትወርክ ማኔጀር፣ ከራውተሩ አድራሻ ለመቀበል ሲጠባበቅ ግንኙነቱ ይወርዳል፣ ጥያቄው ከመነሻው ይጀመራል፣ ከጥቂት ሙከራ በኋላም ለጊዜው ያቆማል። ለተጠቃሚው የሚታየው ግን በስክሪኑ ጥግ ላይ የምትዞር ክብ ብቻ ናት።

ከዚያ የከርነሉን መዝገብ ዲሜሴጅ በተባለው ትእዛዝ ተመለከትኩ። መዝገቡ ግንኙነቱ በ1 ጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ የሚሉ መስመሮች ተደርድረውበታል። በእነዚህ መካከል አንድ መስመር ነበረች፦ ከተስማሙበት የ1 ጊጋቢት ፍጥነት ወደ 100 ሜጋቢት ዝቅ ተብሏልና ኬብሉን ተመልከቱ ትላለች። ቃሉ የእኔ ትርጓሜ አይደለም፤ ከርነሉ ራሱ ኬብሉን ፈትሹ ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ይህን ሲጽፍ የነበረ ቢሆንም፣ መዝገቡን የከፈተ ሰው አልነበረም። ለዚህ ቤተሰቡን መውቀስ አይቻልም፤ ስለ ሊኑክስ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኛዎቹ ምን መጫንና ምን መቀየር እንዳለበት እንጂ ሥርዓቱ ምን እያለ እንደሆነ እንዴት እንደሚነበብ አይናገሩም።

ግንኙነቱ በ100 ሜጋቢት ረግቶ በቆየበት ጊዜ የራውተሩን አድራሻ፣ 192.168.1.1ን፣ በፒንግ፣ ማለትም መልእክት ልኮ መልሱን በሚጠብቅ ትእዛዝ፣ ፈተንኩት። በተለመደው አነስተኛ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ከመቶው ሁለት ወይም ሦስት ቢጠፋ ነው፤ ይህን የሚያይ ሰው መስመሩ ደህና ነው ለማለት ይፈተናል። የፓኬቱን መጠን ወደ 1472 ባይት ሳሳድገው ግን፣ ይህም ከራስጌው 28 ባይት ጋር ተደምሮ የኢተርኔትን (የኬብል ኔትወርክ አሠራርን) የተለመደ 1500 ባይት ጣሪያ የሚሞላ ነው፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል አልተመለሰም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ የኢተርኔት ፍሬም፣ ማለትም ፓኬቱን ተሸክሞ በሽቦው ላይ የሚሄደው ጥቅል፣ በመጨረሻው ላይ 4 ባይት የማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል፤ ከፍሬሙ ውስጥ አንዲት ቢት እንኳ በመንገድ ላይ ከተለወጠች ቁጥሩ አይገጥምም፣ ተቀባዩ ካርድም ፍሬሙን ያለ ምንም ማስታወቂያ ይጥለዋል። ፍሬሙ በረዘመ ቁጥር ቢት የመበላሸት ዕድሉ ይጨምራል። በዚህ ላይ ፋይል የሚያወርደው ፕሮቶኮል፣ ማለትም ቲሲፒ፣ የጠፋን ፓኬት የሚተረጉመው እንደ መጨናነቅ ስለሆነ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄዳል። ትንሽ ገጽ ተከፍቶ ትልቅ ምስል መሃል ላይ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

የተጣሉት ፍሬሞች ተቆጥረው ይቀመጣሉ። ኢዝቱል የተባለው መሣሪያ የካርዱን ቆጣሪዎች ሲያሳይ፣ በተቀባይ በኩል ያለው የስሕተት ቁጥር እያየሁት ይጨምር ነበር። በላኪ በኩል ያለው ግን ዜሮ ነበር፤ ይህ ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ምክንያቱም ካርዱ የላከው ፍሬም ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ የተበላሸ እንደሆነ የሚቆጥረው ራውተሩ እንጂ እርሱ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ነበር አንድ ነገር የተከሰተው። ቆጣሪውን በየሰከንዱ እንዲያሳየኝ አድርጌ ሳለሁ፣ በግቢው ጥግ ያለው የውኃ ፓምፕ ተነሣ። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ በመቶዎች ዘለለ፤ ከዚያ ፓምፑ እየሠራ ሳለ በፍጥነት መጨመሩን ቀጠለ፤ ሲቆምም እንደገና ዘለለ። በዚህ ሰፈር ውኃ በፈረቃ የሚመጣው ማለዳ ስለሆነ፣ ፓምፑ ወደ ጣሪያው ሮቶ ውኃ የሚገፋው ጠዋት ነው። ጠዋት ጠዋት ይብሳል የሚለው የባለቤቱ አቤቱታ መልስ አገኘ። ወጥቼ ስመለከት የኔትወርክ ኬብሉና የፓምፑ የመብራት መስመር በአንድ ማሰሪያ ተጠርንፈው በግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ለድምዳሜ አይበቃም። ጤነኛ የኔትወርክ ኬብል ከመብራት መስመር አጠገብ መሄዱ የማይመከር ቢሆንም፣ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ከአንድ የቤት ፓምፕ ይህን ያህል ጉዳት ሊደርስበት አይገባም። ኬብሉ ራሱን መከላከል ያልቻለበት ምክንያት መኖር አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ነፃ ለማውጣት ወደ ሳሎን ወስጄ በአጭር ፋብሪካ ሠራሽ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት። በ1 ጊጋቢት ተነሣ፣ አልወደቀም፤ ትልቅ ፋይል ወርዶ ካለቀ በኋላም ቆጣሪው ዜሮ ላይ ነበር። ፓምፑም በዚያ ሰዓት እየሠራ ነበር። በተቃራኒው ዊንዶውስ ያለበትን ላፕቶፕ በሰርቪሱ ውስጥ ካለው የረጅሙ ኬብል ጫፍ ላይ ስሰካው እንደ ዴስክቶፑ መነሣትና መውደቅ ጀመረ። በእነዚህ ሁለት ፍተሻዎች ሊኑክስ፣ ድራይቨሩ፣ ካርዱና የራውተሩ ቀዳዳ ከጥርጣሬ ወጡ። የቀረው ኬብሉ ነው።

ኬብሉን የዘረጋው ወጣት ባለሙያ የሰፈሩ ልጅ ስለነበር ተጠርቶ መጣ። መሞከሪያውን ይዞ ነበር፤ አንዱን ክፍል ሳሎን፣ ሌላውን ሰርቪስ ሰክቶ አሳየን። ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በሁለቱም በኩል በቅደም ተከተል በሩ።

«ጋሼ፣ ይኸው ይመልከቱ፣ ስምንቱም ይበራል። ኬብሉ ምንም የለውም» አላቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ እዚያ ሳሎን የሠራ ኮምፒውተር እዚህ ሲመጣ የሚያመው ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

ወጣቱ ያሳየው ነገር እውነት ነበር፤ መሞከሪያው የሚለካውን ነገር በትክክል ለክቷል። መሞከሪያው የሚለካው ግን በአንደኛው ጫፍ በ1ኛው ቦታ የተገባ ሽቦ በሌላኛው ጫፍ በ1ኛው ቦታ ይወጣ እንደሆነ፣ 2ኛውም በ2ኛው፣ እንዲሁ እስከ 8 ድረስ ብቻ ነው። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር ተጠማዞ እንደሚሄድ አያውቅም። ኢተርኔት የሚኖረው ደግሞ በዚያ መጠማዘዝ ነው።

ነገሩን ትንሽ ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው። በኬብሉ ውስጥ ያሉት 8 ሽቦዎች 4 ጥንዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥንድ በብርቱካን፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቡኒ ቀለም ከነጭ አጋሩ ጋር ተጠማዞ ይሄዳል። አንድ መልእክት በአንድ ጥንድ ሲላክ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ እርስ በርሱ ተቃራኒ ሆኖ ይጓዛል፣ ተቀባዩም የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ሽቦዎቹ ተጠማዝዘው ስለሚሄዱ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል፣ ልዩነቱ ሲወሰድም ይጠፋል። ይህን የጥንድ ሽቦ ዘዴ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በእ.ኤ.አ. 1881 ለስልክ መስመር ፓተንት ያስወጣበት ሲሆን፣ ዛሬም ኬብሉን ከፓምፕ፣ ከማቀዝቀዣና ከጎረቤት ጥንድ ረብሻ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

በፕላጉ (በኬብሉ ጫፍ ባለው መሰኪያ) ላይ ጥንዶቹ የሚቀመጡባቸው ቦታዎች 1 እና 2፣ 3 እና 6፣ 4 እና 5፣ 7 እና 8 ናቸው። 3 ከ6 ጋር መጣመሩ ለአዲስ ሰው እንግዳ ይመስላል። የመጣው ከስልክ ነው፤ የመጀመሪያው የስልክ መስመር መካከለኞቹን 4 እና 5ን ስለሚይዝ፣ ሁለተኛው ጥንድ ከግራና ከቀኝ አቅፎት ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ቲ568ቢ የተባለው የተለመደ አቀማመጥ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ ነው። አረንጓዴው ጥንድ በሰማያዊው ተለያይቶ ይቀመጣል።

በሰርቪሱ በኩል ያለውን ፕላግ ነቅዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብኩት። ፕላጉ ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለሞቹ ይታያሉ። ነጭ-አረንጓዴ፣ አጠገቡ አረንጓዴ፤ ነጭ-ሰማያዊ፣ አጠገቡ ሰማያዊ። ለዓይን የሚያምር፣ ቀለም ከቀለም ያልተጋጨ አሰላለፍ ነበር። በሳሎኑ በኩል ያለውም አንድ ዓይነት ነበር፤ ስለዚህ ሽቦዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገጥማሉ፣ መሞከሪያውም ስምንቱን መብራቶች ያበራል። ሆኖም በዚህ አሰላለፍ 3ኛው ቦታ ላይ ነጭ-አረንጓዴ፣ 6ኛው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ተቀምጠዋል። እነዚህ ሁለቱ አንድ መልእክት እንዲሸከሙ ታዝዘዋል፣ ግን አብረው የተጠማዘዙ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ከሌላ ሽቦ ጋር ተጠማዞ ይሄዳል። 4 እና 5ም እንደዚሁ። ከአራቱ ጥንዶች ሁለቱ፣ የብርቱካኑና የቡኒው፣ ጤነኞች ሆነው ሁለቱ ተሰንጥቀዋል።

ከዚህ በኋላ ምልክቶቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። በእ.ኤ.አ. 1999 የወጣው የጊጋቢት ኢተርኔት ደረጃ አራቱንም ጥንዶች ስለሚጠቀም በዚህ ኬብል ላይ ሊረጋ አይችልም። የ100 ሜጋቢቱ ደግሞ 1 እና 2ን፣ 3 እና 6ን ብቻ ይጠቀማል፤ አንዱ አቅጣጫ በጤነኛው ጥንድ፣ ሌላው በተሰነጠቀው ይሄዳል። ለዚያ ነው ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ግንኙነቱ ሳይወርድ ቆይቶ፣ በመቀበያው አቅጣጫ ግን ስሕተት የሚበዛው። ጥምዘዛው የሚሰጠው መከላከያ ስለሌለም የፓምፑ ረብሻ ሳይጠፋ ይገባል።

ግምቱን ከመቁረጥ በፊት ለማረጋገጥ ካርዱ ለራውተሩ 10 ሜጋቢትን ብቻ እንዲያቀርብ በኢዝቱል አዘዝኩት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ሰው ፍጥነት ሲወስን የሁለቱን ጫፎች ድርድር ጨርሶ ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ ወዲያኛው ጫፍ ፍጥነቱን ቢያውቅም በሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ መነጋገር መቻሉን ስለማያውቅ በግማሽ አሠራር ይጀምራል፣ ሌላ አዲስ ስሕተት ይወለዳል። ድርድሩን ሳያጠፉ የሚቀርበውን አማራጭ ብቻ መገደብ ይሻላል። በ10 ሜጋቢት ቆጣሪው ቆመ፤ ፓምፑ ሲነሣ ብቻ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ይል ነበር። በፍጥነት ልክ የሚበዛ ስሕተት የተበጠሰ ሽቦ ምልክት አይደለም፤ የተበጠሰ ሽቦ በዝግታም አይሠራም።

ጥገናው ከምርመራው እጅግ ያነሰ ነበር። ወጣቱ ሁለቱንም ጫፎች ቆርጦ፣ ቀለሞቹን በቲ568ቢ ቅደም ተከተል አሰልፎ ክሪምፐር በተባለው የፕላግ መግጠሚያ መሣሪያ እንደገና ገጠመ። የጥንዶቹ ጥምዘዛ ከፕላጉ አጠገብ ከ13 ሚሊሜትር በላይ እንዳይፈታ ተጠነቀቀ፤ ከዚያ በፊት ለመሰለፍ እንዲመቸው ሦስት አራት ሴንቲሜትር ይፈታ ነበር። በዚያው አጋጣሚ አንዱን ሽቦ በምላጭ ፍቀን ተመለከትን። በርካሽ ከሚሸጡት ኬብሎች አንዳንዶቹ ላያቸው መዳብ፣ ውስጣቸው አሉሚኒየም ስለሆነ ሲፋቁ ነጭ ይላሉ፤ ይህኛው ግን እስከ ውስጡ ቀይ መዳብ ነበር፣ ስለዚህ ኬብሉን መለወጥ አላስፈለገም። ከፓምፑ መስመርም ማሰሪያው ተፈትቶ አንድ ክንድ ያህል እንዲርቅ ተደረገ።

በካርዱ ላይ የጣልኩትን የ10 ሜጋቢት ገደብ ሳነሣ ኮምፒውተሩ በ1 ጊጋቢት ተነሣ። ተቀይሮ የነበረውን የዲኤንኤስ አድራሻና ለሌለው ካርድ የተጻፈውን ቅንብር አጠፋሁ፣ አድራሻውም በራውተሩ በኩል ለዚህ ካርድ ብቻ እንዲያዝ አደረግሁ። ከዚያ ፓምፑ እንዲነሣ ተጠይቆ፣ ባለቤቱ ለብዙ ጊዜ ያልተሳካላቸውን የአንድ ብራና ሙሉ ምስሎች ማውረድ ጀመሩ። ባለ 1472 ባይቱም ፒንግ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር፤ አንዱም አልጠፋም። ቆጣሪው ከዜሮ አልተነቃነቀም።

ወጣቱ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው፦ በዚህ አሰላለፍ ለብዙ ቤት ኬብል ገጥሞ፣ ሁሉም ሲሠራ የኖረው እንዴት ነው? መልሱ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነበር። ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄድ፣ እርሱ በዚያው አሰላለፍ የገጠመው ከሦስት ሜትር የማይበልጥ ኬብል አለ። ያን ኬብል ከዴስክቶፑ ጋር ሞከርነው። በዚህ ርቀት ሲግናሉ ብዙ ሳይደክም ስለሚደርስ፣ ረብሻው ከሲግናሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የሚጠቀመው ባለ 100 ሜጋቢት ግንኙነት በአጭር ኬብል ላይ ያለ ስሕተት ሄደ። ወደ ጊጋቢት እንዲወጣ ስናደርገው ግን ግንኙነቱ ባይወርድም ቆጣሪው ቀስ እያለ ይጨምር ጀመር። ወጣቱ ቁጥሩን ጥቂት ከተመለከተ በኋላ ኬብሉን ነቅሎ ሁለቱንም ጫፎች ቆረጠ፤ በስልኩም ረጅም ኬብል የዘረጋባቸውን ቤቶች ስም መመዝገብ ጀመረ።